መንገዱን ስለማንቀበለው ሰው በእውነት መመስከር ይገባልን?

ሰው በአንደበቱ ከሚሠራቸው ሥራዎች መካከል ስለ ሌላው ሰው እንደ መመስከር ያለ ከባድ ሥራ የለም። በእጅ የተሠራ ስሕተት በእጅ ሊታረም ይችላል፤ ያጋደለ ግድግዳ ይፈርሳል፥ እንደ ገናም ይሠራል። ከአፍ የወጣ ምስክርነት ግን ወደ ወጣበት አይመለስም። ስለዚህም ከዐሥሩ ትእዛዛት አንዱ በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን ለይቶ ይከለክላል። ይህን ትእዛዝ ልብ ብለን ብንመለከተው ባልንጀራው ጻድቅ ቢሆን ወይም ኀጥእ ቢሆን የሚል ልዩነት አላደረገበትም። ለወዳጅም ለጠላትም፥ ለምናከብረውም ለምንነቅፈውም በአንድነት የቆመ ነው።

ይህን ነገር ጎረቤቱን ሳያውቅ በትልቅ ከተማ ለሚኖር ሰው ማስረዳት ያስቸግር ይሆናል፤ በጅጅጋና በአውበሬ ላሉት ምእመናን ግን ብዙ ማብራሪያ አያሻም። ቀድሞ ተፈሪ በር ትባል የነበረችው አውበሬ በሶማሌላንድ ወሰን አጠገብ ያለች ከተማ ናት፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮም ከሶማልያ የተሰደዱ ሰዎች በአጠገብዋ ሰፍረዋል። በእንደዚህ ያለ የመንገድና የወሰን ከተማ የሰው ስም ከሰውየው ቀድሞ ይደርሳል። ጠዋት በገበያ የተነሣ ወሬ ማታ ጅጅጋ ገብቶ ያድራል። በዚያው አገር ግን በዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጡ የሶማሌ ሽማግሌዎች ከሳሹንና ተከሳሹን ሳይሰሙ ነገር አይቈርጡም። እንግዲህ የወሬን ፈጣንነትና የፍርድን ዝግተኛነት የዚያ አገር ሰው ሁለቱንም በዓይኑ ያያቸዋል ማለት ነው።

የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው። አኗኗሩን ቤተ ክርስቲያን የማትቀበለው ሰው፥ ይልቁንም የሕዝብ አደራ የተቀበለ ሰው፥ በምን ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል? ምሳሌውን የምናመጣው ከሩቅ አገር ነው። ሩቅ ያለውን ሰው ያለ ቂምና ያለ ወገንተኝነት ለመመልከት ይቀላልና። የምሳሌው ፍሬ ግን በመጨረሻ ወደ ገዛ ደጃችን ይመለሳል።

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጥ ይሁን። ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል የሚፈጸም ምሥጢር መሆኑን ታስተምራለች፤ ከዚህ ውጭ ያለውን ግንኙነት፥ በወንድና በሴት መካከል የሆነውንም ቢሆን፥ አትቀበልም። ይህ ጽሑፍ ያን ትምህርት ለመለወጥ አልተጻፈም፤ አንባቢው የሚያውቀውንም ለመድገም አይደክምም። የተጻፈው ትምህርቱን በያዘ ሰው እጅ ሚዛኑ እንዳይዛባ ነው።

የሰውየው ታሪክ

ባርኒ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1940 በአሜሪካ፥ በኒው ጀርሲ፥ ቤዮን በምትባል ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ለጭነት መኪና ነጂዎች ማረፊያና ነዳጅ ማደያ ያስተዳድር ነበር። ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ሕይወቱ ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጠው፥ ዐሥራ አራት ዓመት በሆነው ጊዜ ስለ ራሱ ሁለት ነገሮች ተረዳ። አንደኛው ልቡ መንግሥትን ወደ ማገልገል መሳቡ ነው፤ ሁለተኛውም ፍላጎቱ ወደ ተመሳሳይ ፆታ ማዘንበሉ ነው። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ሁለቱ አብረው ሊሄዱ እንደማይችሉ ያ ልጅ ያለ አስተማሪ ዐወቀ። ስለዚህ አንደኛውን ገልጦ፥ ሁለተኛውን ሸሽጎ መኖር ጀመረ።

በሀርቫርድ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1964 ጥቁሮች የመምረጥ መብታቸውን እንዲያገኙ ይረዱ ከነበሩት ወጣቶች ጋር ወደ ሚሲሲፒ ወረደ። ከዚያም በቦስተን ከንቲባ ጽሕፈት ቤት አገለገለ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት ተመርጦ በዚያ ስምንት ዓመት ተቀመጠ። በዚያም ምክር ቤት የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን መብት የሚጠብቅ ረቂቅ ሕግ አቀረበ፤ ስለ ራሱ ግን ምንም አልተነፈሰም። ሰዎቹን በአደባባይ ይሟገትላቸዋል፤ ከእነርሱ አንዱ መሆኑን ግን አይናገርም።

እ.ኤ.አ. በ1980 የሮማው ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ካህናት ከምርጫ ሥልጣን እንዲወጡ ባዘዙ ጊዜ፥ ከ1971 ጀምሮ ማሳቹሴትስን ወክለው በኮንግሬስ የቆዩት ካቶሊካዊው ካህን አባ ሮበርት ድራይናን ለትእዛዙ ታዘው መንበራቸውን ተዉ። ፍራንክ የተመረጠው በዚያው ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1981 በኮንግሬስ የእንደራሴዎች ምክር ቤት ገብቶ እስከ ጃንዋሪ 2013 ድረስ፥ ይኸውም ሠላሳ ሁለት ዓመት፥ ሳያቋርጥ ሠራ።

በአንድ ቁና መስፈር

ፍራንክ ምሥጢሩን ይዞ በምክር ቤቱ ተቀምጦ ሳለ አንድ ነገር ሆነ። ከዚያው ከማሳቹሴትስ የተመረጠው እንደራሴ ጌሪ ስተድስ እ.ኤ.አ. በ1973 በምክር ቤቱ መልእክተኛ ሆኖ ያገለግል ከነበረ የ17 ዓመት ወጣት ጋር ግንኙነት ማድረጉ ታወቀ። በዚያው ምርመራ የኢሊኖይ እንደራሴ ዳንኤል ክሬን እ.ኤ.አ. በ1980 ከአንዲት የ17 ዓመት ወጣት መልእክተኛ ጋር እንዲሁ ማድረጉ ተገለጠ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 1983 ምክር ቤቱ ሁለቱን እንደራሴዎች በአንድ ቀን፥ በአንድ ዓይነት ቅጣት፥ በጉባኤው ፊት አቁሞ ገሠጻቸው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን አስተውል። አንዱ በደሉን የፈጸመው ከወንድ ጋር፥ ሁለተኛው ከሴት ጋር ነው። ምክር ቤቱ ግን የጠየቀው፥ በአደራ የተሰጠን ልጅ ለራስ ፈቃድ ማዋል ይገባልን የሚለውን ነው። በዚህ ጥያቄ ሁለቱ እኩል ናቸው። እኛ ብንሆን ኖሮ እንዲህ በእኩል እንፈርድ ነበርን? አንድ ባለሥልጣን በሥሩ ያለችውን ልጃገረድ ሲያታልል ሰምተን በዝምታ ያለፍንበት ጊዜ የለምን? የአንዱን በደል እንደ እሳት እየፈራን የሌላውን እንደ ወንድ ወግ ቈጥረን ከሣቅንበት፥ የያዝነው የእግዚአብሔርን ሕግ ሳይሆን የገዛ አመላችንን ነው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ ሁለት ቁና ያለው ነጋዴ ደግሞ ሌባ ነው።

የተሸሸገ ነገር ጌታ ያበጃል

ፍራንክ ከዚህ በኋላ አራት ዓመት ያህል ተሸሽጎ ቆየ። በእነዚያ ዓመታት የደረሰበት ነገር ሹመት ለያዘ ሰው ሁሉ፥ የኑሮው መንገድ ምንም ይሁን ምን፥ ትምህርት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1985 ገላውን ለገንዘብ ከሚሸጥ አንድ ሰው ጋር ተዋወቀ፤ በኋላም ከገዛ ኪሱ እየከፈለ ለቤቱ ሥራና ለመኪና ነጂነት ቀጠረው። ሰውየው በፍርድ ቤት ቁጥጥር ሥር ነበርና ፍራንክ ስለ እርሱ ለተቆጣጣሪዎቹ ደብዳቤ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1987 ሰውየው በእንደራሴው ቤት ያንኑ ንግዱን እንደሚሠራ የቤቱ አከራይ ነገረው፤ ፍራንክም አሰናበተው። ሰውየው ግን እ.ኤ.አ. በኦገስት 1989 ወደ ጋዜጣ ሄዶ፥ እንደራሴው ሁሉን ያውቅ ነበር ብሎ ተናገረ።

የተሸሸገ ነገር ጌታ ያበጃል የምንለው ስለዚህ ነው። ሕይወቱን የሸሸገ ሰው ከብዙ ሰው አምልጦ በአንድ ሰው እጅ ይወድቃል፤ ያም አንዱ የሚያውቀው ነው። ወዳጅ ለመምረጥ ነጻነት የለውም፤ በጨለማ የሚያገኘውን ይይዛል። ንጉሥ ዳዊትም የወደቀው በዚህ መንገድ ነው። የመጀመሪያውን ኀጢአት ለመሰወር ኦርዮን ከጦር ሜዳ አስጠራው፤ ነገሩ ሳይሳካለት በቀረ ጊዜም የሞቱን ደብዳቤ በኦርዮን በራሱ እጅ አስይዞ ሰደደው። ዝሙቱ ነፍስ አልገደለም ነበር፤ መሸሸጉ ግን ገደለ። ነቢዩ ናታን ደግሞ የንጉሡን ነውር በገበያ አላወጀም። ወደ ንጉሡ ገብቶ፥ ስለ አንድ ድኻና ስለ አንዲት በጉ እየተረከ፥ ንጉሡ በገዛ አፉ እንዲፈርድ አደረገው።

ፍራንክ ግን ናታን እስኪመጣበት አልጠበቀም። እ.ኤ.አ. በሜይ 1987 የኮነቲከት እንደራሴ ስቱዋርት መኪኒ በኤድስ በሽታ ሞተ። ሬሳው ሳይቀበር ሰዎች ስለ ኑሮው ይከራከሩበት ጀመር፤ እርሱ ግን ለመመለስም ለመካድም አፍ የለውም። ፍራንክ ይህን ባየ ጊዜ የራሱን ነገር በሕይወት ሳለ በራሱ አንደበት ለመናገር ቈረጠ። በዚያው ወር የቦስተን ግሎብ ጋዜጣ ጋዜጠኛ በጠየቀችው ጊዜ ሳያድበሰብስ እውነቱን መለሰላት። ከዚያ በፊት በኮንግሬስ እንዲህ ያለው ነገር የሚገለጠው በክስ ወይም በምርመራ ነበር፤ ማንም ሳያስገድደው በፈቃዱ የተናገረ የመጀመሪያው እርሱ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ የቀድሞ ነገር በጋዜጣ በወጣ ጊዜም የምክር ቤቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዲመረምረው ራሱ ጠየቀ።

ኮሚቴው የሠራው ሥራ ለዚህ ጽሑፍ ዋና ምስክር ነው። በፍራንክ ላይ የተነገረው ሁሉ ሐሰት አልነበረም፤ ሁሉም እውነት አልነበረም። ኮሚቴው ስንዴውን ከገለባው ለየው። በቤቱ የሚደረገውን ንግድ ያውቅ ነበር ለሚለው ክስ ማስረጃ አላገኘም። በምክር ቤቱ ወረቀት የሚያሳስት ቃል መጻፉና ለመኪና ማቆሚያ የተቈረጡ 33 የቅጣት ወረቀቶች በእንደራሴነቱ እንዲሰረዙ ማድረጉ ግን ተረጋገጠበት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 1990 ጉዳዩ ለምክር ቤቱ ቀረበ። ይባረር የሚለው ሐሳብ በ390 ተቃውሞና በ38 ድጋፍ ወደቀ። ከፍ ያለው ተግሣጽ ይሰጠው የሚለውም በ287 ተቃውሞና በ141 ድጋፍ ወደቀ። ኮሚቴው ያቀረበው ዝቅተኛ ወቀሳ በ408 ድጋፍና በ18 ተቃውሞ ጸና። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ከመራጮቹ ሁለት ሦስተኛው ያህል እንደ ገና መረጡት።

ሊያባርሩት የፈለጉት ሰዎች ስለ ማንነቱ ሊፈርዱበት ፈለጉ፤ ብዙዎቹ ግን ስላደረገው ነገር ፈረዱ። ወቀሳው እውነተኛ ነበር፤ ሰውየውም በሥልጣኑ በእውነት አላግባብ ተጠቅሞ ነበርና። ጠላቶቹ የጨመሩበትን ሐሰት ማስወገድ እውነተኛውን ጥፋት አላቀለለለትም፤ ይልቁንም ማንም ሊያስተባብለው የማይችል አድርጎ አጸናበት። ሐሰት የተቀላቀለበት ክስ በደለኛውን እንኳ የተበደለ ያስመስለዋል።

መግለጥና ንስሐ አንድ አይደሉም

በዚህ ቦታ አንድ ደግ ምእመን የሚያነሣው ጥያቄ ይኖራል። ነውርን ገልጦ መኖር ሸሽጎ ከመኖር አይከፋምን? የሚሸሽግ ሰው ቢያንስ ያፍራል፤ የሚገልጥ ሰው ግን ለደካሞች ማሰናከያ አይሆንምን? ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም፤ ብዙ ቀናዒ ሰዎች ያሰቡት ነው።

ለዚህ የምንመልሰው መሸሸግን ለሁለት ከፍለን ነው። አንደኛው ኀፍረት ነው፤ ሁለተኛው ሐሰት ነው። ቤተ ክርስቲያን ማንም የልቡን ነገር በአደባባይ እንዲያወራ አታስገድድም፤ እንዲያውም ለዚህ የነፍስ አባት ሰጥታዋለች። ነገር ግን ሐሰትን ለሹመቱ መሰላል ያደረገ ሰው፥ በልቡ ያለውን ሸሽጎ በአንደበቱ ሌላውን የሚወግር ሰው፥ ኀፍረቱን ወደ ተንኰል ለውጦታል። እንደዚህ ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ይበድላል።

ደግሞም መግለጥ ንስሐ እንዳይመስለን መጠንቀቅ ይገባል። ፍራንክ በ1987 የተናገረው ነገር እኛ ኑዛዜ የምንለው አይደለም፤ ያለውን ነገር አለ አለ እንጂ ስለ ማንነቱ አልተጸጸተም። ከዚያ በኋላ ስላለፈው ዘመን ሲናገር የተጸጸተበት ነገር መሸሸጉና ከመሸሸጉ የተነሣ የሠራው ስሕተት ነበር። በእርሱና በቤተ ክርስቲያን ትምህርት መካከል ያለው ልዩነት በዚህ አይጠፋም። እርሱ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2012 ከአንድ ወንድ ጋር በአገሩ ሕግ ጋብቻ ፈጸመ፤ በሥራ ላይ ሳለ እንዲህ ያደረገ የመጀመሪያው የኮንግሬስ አባል ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ይህን ጋብቻ አትለውም። ሆኖም ንስሐም ብትሆን ከእውነት በቀር ሌላ በር የላትም። ውሸታም ሰው ወደ ንስሐ ከመግባቱ በፊት እውነትን መናገር መማር አለበት። እውነትን የሚናገረውን ሰው ስለ እውነቱ የምንቀጣው ከሆነ፥ ሌሎቹን ምን እያስተማርናቸው ነው? ዋሹ፥ በደንብም ተሸሸጉ ማለታችን አይደለምን?

ይህን መልስ የማይቀበል አንባቢ ይኖራል፤ የማሰናከያው ፍርሃት ከልቡ ላይወጣ ይችላል። ፍርሃቱን ይያዝ፤ ነገር ግን ከሐሰት የሚወለድ ንጽሕና አለመኖሩን ከፍርሃቱ ጋር ይያዝ።

የሕዝብ ሥራ መዝገብ

እንደራሴ በመጀመሪያ የሚጠየቀው በአደራው ነው። የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካይ ለሦስት ነገሮች ተገዢ መሆኑን ይደነግጋል፤ ለሕገ መንግሥቱ፥ ለሕዝቡ፥ ለኅሊናውም። እንግዲህ ይህን ሰው በዚህ ሚዛን እናስቀምጠው።

ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2011 የምክር ቤቱን የገንዘብ አገልግሎት ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት መራ። በ2008 የአሜሪካ ባንኮች በተናወጡ ጊዜ፥ ብዙ ሰዎችም ቤታቸውን ባጡ ጊዜ፥ መንግሥት ባንኮችን እንዳይወድቁ የደገፈበትን ሕግ ካዘጋጁት አንዱ ነበር። ከሴናተር ክሪስ ዶድ ጋር ያዘጋጀውና በሁለቱ ስም የሚጠራው ሕግ እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2010 በፕሬዚዳንት ኦባማ ተፈረመ። ሕጉ ትልልቅ ባንኮች ጠበቅ ያለ ቁጥጥር እንዲደረግባቸው አደረገ፤ ተበዳሪውን ሕዝብ ከአታላይ አበዳሪ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤትም አቋቋመ። ድኻን ከአራጣ በላ መጠበቅ ከነቢያት ጀምሮ የተመሰገነ ሥራ ነው፤ የሠራው ሰው ማንም ቢሆን ሥራው ደግ ነው።

መዝገቡ ግን ሌላም ገጽ አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 ለቤት መሥሪያ የሚበደሩትን የሚደግፉት ሁለት ታላላቅ ድርጅቶች፥ ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ፥ አደጋ ላይ አይደሉም ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ በሴፕቴምበር 2008 መንግሥት ሁለቱንም በእጁ አደረጋቸው። ፍራንክ አደጋውን ዘግይቶ ማየቱን በኋላ አምኗል። ከምክር ቤቱም ከወጣ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2015፥ ሲግኔቸር በተባለ የኒው ዮርክ ባንክ ቦርድ አባል ሆነ፤ ያም ባንክ በማርች 2023 በተቆጣጣሪዎች ተዘጋ። የባንክ ሕግ ያወጣ ሰው በባንክ ቦርድ መቀመጡ ለኅሊና የሚገባ ጥያቄ አይደለምን? ሕግ አልከለከለውም፤ ሕግ ያልከለከለው ሁሉ ግን የተገባ አይደለም።

ይህን ለምን ዘረዘርነው? ስለዚህ ሰው በየጉባኤው የሚነሣው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ ነው። የሚጠሉት ሰዎች ስለ ግል ኑሮው ያወራሉ፤ የሚወዱትም እንዲሁ። የሕዝብን ገንዘብና የድኻን ቤት የነካው ሥራው ግን፥ ደጉም ክፉውም፥ ሳይመረመር ይቀራል። በዚህ ዓይነት የሰው ማንነት የሰውን ሥራ ይጋርዳል፤ ዳኛ የሆነው ሕዝብም ሊፈርድበት የሚገባውን ትቶ ሊያወራበት የሚጣፍጠውን ይይዛል።

ወደ ደጃችን ስንመለስ

ፍራንክ ስለ ሌሎች ሰዎች ምሥጢር አንድ ደንብ ነበረው። ማንም ሰው ሊጋለጥ አይገባውም ይላል፤ ነገር ግን በስውር የሚያደርገውን ነገር በአደባባይ በሥልጣኑ ሌሎችን የሚያሳድድበት ከሆነ ግብዝነቱ ቢገለጥ ይገባል ይላል። ለዓለም ሰው ይህ ደንብ ልከኛ ሊመስል ይችላል። ግን ዳኛው ማን ነው? ግብዝነትን ለመቅጣት የተከፈተ በር ቂም የያዘውን ሰው ሁሉ ያስገባል። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከዚህ ይልቅ ጥብቅ ነው። የነፍስ አባት በኑዛዜ የሰማውን ለጠላትም ለወዳጅም፥ ለግብዝም ለቅንም ሲል አይገልጥም። ካህኑ እንዲህ ከታዘዘ፥ ከጎረቤቱ ግድግዳ ጀርባ ቆሞ የሰማውን የሚያወራ ምእመን ሥልጣኑን ከወዴት አገኘው?

በአገራችን ሕግ ይህ ድርጊት ወንጀል ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600፥ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ደንግጎታል። ነገር ግን ሕጉ ፍርዱን የሰጠው ለዳኛ ነው እንጂ ለመንገደኛ አይደለም፤ የሚመረምረውም ድርጊትን በማስረጃ ነው እንጂ አለባበስን፥ አካሄድን፥ ድምፅን አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ግን ሰዎች በማኅበራዊ መገናኛ ሌሎችን በስምና በፎቶግራፍ እያወጡ፥ እንዲህ ያሉ ናቸው እያሉ፥ እንዲደበደቡ ሲቀሰቅሱ ታየ። ከእነዚያ ስሞች መካከል ስንቱ እውነት፥ ስንቱ ቂም እንደ ነበረ የጠየቀ ዳኛ የለም። አንዳንዱም ይህን ሲያደርግ ለሃይማኖት የቀና መሰለው።

የሶስናን ታሪክ እናስታውስ። ሁለት ሽማግሌዎች፥ ያውም የሕዝብ ዳኞች፥ ንጽሕት ሴትን በዝሙት ከሰሱአት። ጉባኤው ስለ ሽበታቸውና ስለ ሹመታቸው አመናቸው፤ ሞትም ፈረደባት። ብላቴናው ዳንኤል ግን ሁለቱን ለያይቶ፥ ድርጊቱ በየትኛው ዛፍ ሥር እንደ ሆነ ጠየቃቸው፤ መልሳቸው ተለያየ፥ ሐሰታቸውም ተገለጠ። ያ ጉባኤ ክፉ ሰዎች የተሰበሰቡበት አልነበረም፤ ለንጽሕና የቀኑ ሰዎች ነበሩ። የጐደላቸው ቅንዓት አይደለም፤ የጐደላቸው አንድ ጥያቄ ነው።

የጅጅጋ ምእመናን ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በከተማይቱ ሁከት በተነሣ ጊዜ ማን ምን እንዳደረገ የጠየቀ አልነበረም። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ካህናት ተገደሉ። የተፈረደባቸው ስለ ሥራቸው አልነበረም፤ ስለ ማንነታቸው ነበር። በጅምላ ፍርድ የቈሰለ ሕዝብ የጅምላ ፍርድን ጣዕም ያውቃልና፥ ያንኑ ጽዋ ለሌላ ሰው ሊቀዳ አይገባውም። የእኛ ክስ ሐሰት፥ የእነርሱ ግን እውነት ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ የሚቈጣ ሕዝብ ሁሉ በተነሣበት ቀን እንዲሁ እንዳለ ያስታውስ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንያዝ? ካህን ሆይ፥ በዚህ ነገር የተጨነቀ ወጣት ወደ አንተ ቢመጣ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ንገረው፤ ነገር ግን ከአንተ ዘንድ ሲወጣ ምሥጢሩ በገበያ እንደማይጠብቀው ይመን። ይህን ካላመነ ዳግመኛ አይመለስም፤ የሚያገኘውም በጨለማ የሚጠብቀውን ነጋዴ ነው። ምእመን ሆይ፥ ስለ ሰው ክፉ ወሬ በሰማህ ጊዜ ማን እንዳየ፥ ከወዴት እንደ ሰማ ጠይቅ፤ መልስ ካላገኘህ ወሬው በአንተ ዘንድ ይሙት። መምህር ሆይ፥ ስለማትቀበለው ሰው በምታስተምርበት ጊዜ የሠራውን በጎ ነገር አትሰርቅበት፥ ያልሠራውንም ክፉ አትጨምርበት። ትምህርትህ እውነት ከሆነ የሐሰት ድጋፍ አያስፈልገውም።

ባርኒ ፍራንክን አላጸደቅነውም፤ ለማጽደቅም ለመኰነንም ሥልጣን አልተሰጠንም። ያደረግነው አንድ ነገር ነው። በሩቅ አገር የኖረ፥ በእምነትም በአኗኗርም ከእኛ የተለየ ሰው ያደረገውን አደረገ፥ ያላደረገውን አላደረገም አልን። ይህ ለሩቅ ሰው የሚቻል ከሆነ በአውበሬ ገበያ በአጠገባችን ለሚያልፈው ሰው ይበልጥ ግዴታችን ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለው፥ ሁሉ በሚገለጥባት ዕለት ስለ ባልንጀራችን የተናገርነው ቃል በፊታችን ይቆማል። በዚያች ዕለት እንዳናፍር አንደበታችንን ከሐሰት የምንጠብቅበትን ጸጋ እግዚአብሔር ለሁላችን ያድለን፤ አሜን።